ለጡረተኛ ደመወዝ የቀመሩት ጋሼ ስንሻው

ጋሼ ስንሻው በላይ ባለፈው ወር መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሜልቦርን ዳርቻ ዌሪቢ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ቁርስ ይዘው ሲገቡ እንደ ተኛ ሰው ሆነው እንዳገኟቸው ነግረውናል። በተከታዩ ሳምንት ቀበርናቸው። በቀብሩ ላይ ቄሱም፣ የዕድራችን ሊቀመንበርም፣ አብረዋቸው የሠሩ ሰዎችም ተናገሩ። እኔም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። «ንግግር አልችልም» ብዬ ተውኩት። አለመቻሌ እውነት ነው። ዝም ያልኩት ግን በዚያ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ጋሼ ስንሻውን ለምታውቁ ሁሉ ይህን ጽፌያለሁ።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ለጡረተኞች ገንዘብ በሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ወር በገባ ቁጥር ሽማግሌዎችና መበለቶች ከመስኮታቸው ፊት ይሰለፉ እንደነበር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። «ገንዘቡ ትንሽ ነበር» ይሉ ነበር፣ «ግን ቀኑን ያውቁታል። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል።» ከዚያ ስደት መጣ። በኬንያ በኩል እዚህ ሜልቦርን ደረሱ፤ ዌሪቢ አትክልት በሚታሸግበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በፈረቃ ሠርተው ጡረታ ወጡ።

እዚህ አገር አሠሪ ሁሉ ከደመወዝ ሌላ ለሠራተኛው የሚያስቀምጥለት ገንዘብ አለ። ሁላችንም ሱፐር እንለዋለን። ገንዘቡ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ፈንድ የሚባለው ገንዘብ ያዥ ድርጅት ከብዙ ሰው ገንዘብ ጋር ደባልቆ የልዩ ልዩ ኩባንያዎች አክሲዮን ይገዛበታል። ጡረታ ስንወጣ ባንድ ጊዜ ማውጣትም፣ በየወሩ እየቆነጠሩ መውሰድም ይቻላል። አብዛኞቻችን ይህን አናውቅም ነበር። በጽዳት፣ በፋብሪካና በታክሲ ዕድሜያችንን ፈጅተን በመጨረሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ፖስታ ይደርሰናል። ጋሼ ስንሻው ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጡና ያንን ፖስታ ይዞ የመጣውን ሁሉ ያስተናግዱ ነበር። ከማንም ምንም አይቀበሉም። የትኛው ፈንድ ይሻላል የሚል ጥያቄም አይመልሱም። «እሱን ፈቃድ ያለው ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ አብሬ ሄጄ አስተረጉማለሁ» ይላሉ።

አንድ እሑድ ታክሲ ነጂው ጋሼ ለማ መጥተው ከፊታቸው ቁጭ አሉ።

«ስንሻው፣ እኔ ሁሉንም ባንዴ ነው የማወጣው።»

«ለምን?»

«ነገ ብሞትስ?»

«ብትሞትማ ችግር የለም» አሉ ጋሼ ስንሻው። «ችግሩ ካልሞትክ ነው። በሁለት ዓመት ጨርሰኸው ዘጠና ዓመት ብትኖር ማን ይሸከምሃል? እኔን እንዳትጠራ፣ ወገቤን ያመኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ ለማም ሳቁ፤ ግን በየወሩ የሚወሰድበትን ወረቀት ሞሉ።

እኔ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ወደ ጠረጴዛው መሄድ አፈርኩ። የገንዘቤን ነገር ሰው ፊት ማውራት አልወድም። እትዬ የሺ ይህን ነግረዋቸው ኖሯል፣ ጋሼ ስንሻው ራሳቸው በባቡርና በአውቶቡስ ብሬብሩክ ድረስ ቤቴ መጡ። ስንት እንዳለኝ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው።

«እትዬ ዘነበች፣ በወር ስንት ለቅሶ ይደርሳሉ?»

«ለቅሶ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«ባዶ እጅዎን አይሄዱማ። ክርስትናስ? ማኅበርስ? ለእህትዎስ ይልካሉ? ይህን ፈረንጁ አይጠይቅዎትም። እሱ የሚያውቀው መብራትና ኪራይ ነው። ከዚያ ወሩ ሳይደርስ ገንዘቡ ያልቅና ጥፋቱ የእርስዎ ይመስልዎታል።»

ለቅሶን በአንድ መስመር፣ ክርስትናንና ሠርግን በሌላ መስመር፣ ለእህቴ የምልከውን ለብቻው ጻፉ። መንግሥት በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚከፍለኝ ጡረታ የሚሸፍነውን ቀነሱ። የቀረው ከሱፐሬ በየወሩ መውጣት ያለበት ሆነ። ከዚያ የፈንዱ አማካሪ ጋ በስልክ ተገናኘን። ሰውየው ረጅም ነገር ተናገረ። ጋሼ ስንሻው ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስከ ዘጠና ልያዝልዎት?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ዕድሜዎን።»

«ፈጣሪ ነው የሚያውቀው» አልኩ።

«ፈጣሪስ ያውቃል። ሰውየው ግን ቁጥር ይፈልጋል። ዘጠና አምስት ላድርገው፣ ቢተርፍ ለሜሮን ይሆናል።» ሜሮን ልጄ ናት፣ ታርኔት ነው የምትኖረው።

ገንዘቤ ለሁለት እንዲመደብ አደረጉልኝ። የሁለት ዓመት ወጪዬ በጥሬ ገንዘብ ተቀመጠ፤ በየወሩ የሚከፈለኝ ከዚያ ነው። የቀረው አክሲዮን ላይ ሆነ። ሲጨርሱም እንዲህ አሉኝ፦ «ይህ የቅርቡ ነው፣ ያ የሩቁ ነው። የሩቁ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቢወርድም ዛሬ የሚበሉት ከሱ አይደለም። ደብዳቤ መጥቶ ያስደነገጥዎት እንደሆነ ለማንም ሳይነግሩ አስቀድመው ለእኔ ይደውሉ።»

ከዚያ ወዲያ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ገንዘቤ ይገባልኝ ጀመር። የዘመድ ልጅ ለቤት መግዣ ብድር ሲጠይቀኝ «ደመወዜ እስኪደርስ ጠብቅ፣ ያውም የምችለውን ነው» ማለት ቻልኩ። በፊት እምቢ ማለት አልችልም ነበር። ጋሼ ስንሻው ይህንንም አስቀድመው ያውቁት ነበር። «ሁሉም በእጅዎ ካለ ዘመድ ይቀየምዎታል። በወር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ደመወዝተኛ ነዎት፤ በደመወዝተኛ ማንም አይቀየምም» ብለውኛል።

ኮሮና የገባ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ እኛም ቤት ተዘጋብን። በዚያ ሰሞን ከፈንዱ ደብዳቤ መጣ። ቁጥሩን ብቻ አየሁ። የሩቁ ገንዘብ በጣም ወርዷል። የቅርቡ እንዳለ ነበር፤ እሱን ግን አላየሁትም። ወይም አይቼ አላመንኩም። ለጋሼ ስንሻው ልደውል ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ያባብሉኛል ብዬ ፈራሁ። መፍራቴንም እንዲያውቁብኝ አልፈለግኩም። ለሜሮን ደወልኩና ሁሉንም አስወጪልኝ አልኳት።

«ማሚ፣ አር ዩ ሹር?» አለችኝ። «ጋሼን ጠይቀሻቸዋል?»

«ጠይቄያለሁ» አልኳት።

አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ገንዘቡ ጎድሎ ባንክ ገባ። በዚያው ሳምንት አንዲት የማኅበራችን ሴት ደውላ ስትጠይቀኝ «የጋሼ ስንሻው ምክር ገንዘቤን አስበላኝ» አልኳት። ያልኩት ይህችን ብቻ ነው። ግን እኔ ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ። ብዙ የማይናገር ሰው አንድ ነገር ካለ ይታመናል። ሁላችንም ቤት ተዘግቶብን ከስልክ በቀር ሥራ የሌለን ጊዜ ነበር። ቃሌ በሁለት ቀን ሰው ሁሉ ጋ ደረሰ። እኔን ሰምተው ሌሎች ሁለት ሴቶችም ገንዘባቸውን አወጡ።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ሲከፈት ጋሼ ስንሻው ጠረጴዛቸውን ዘረጉ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። ሰው በሩቅ እጅ ይነሳቸዋል እንጂ አይቀርብም። እኔም ባጠገባቸው አለፍኩ።

«እትዬ ዘነበች፣ ደህና ሰነበቱ? ሜሮን እንዴት ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አለፍኩ።

በሦስተኛው እሑድ ጠረጴዛው አልነበረም። ለምን ተዉት ብሎ የጠየቃቸው ሰው መኖሩን አላውቅም።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ የማኅበር ግብዣ ላይ ጋሼ ለማ ሲያወሩ ሰማሁ። ያን ደብዳቤ ጨርሶ አልከፈቱትም ነበር። «ማንበብ ስለማልወድ ተረፍኩ!» ብለው ሳቁ። ወርዶ የነበረው ሁሉ ተመልሷል፣ እንዲያውም በልጧል። እሳቸው በወር በወሩ ሲቀበሉ የነበረውም ለአንድ ጊዜ አልተቋረጠም። የኔ ግን በወረደበት ዋጋ ስለ ሸጥኩት በወረደበት ቀረ። ያጎደለው እጄ ነው። ይህን ያን ቀን ተረዳሁ፤ ምግቡን ትቼ ተነሣሁ።

ከዚያ አንድ ቀን በባቡር ዌሪቢ ሄድኩ። የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ጋሼ ስንሻው ጓሯቸው ውስጥ ቲማቲም ሲያስሩ ደረስኩ። ቲማቲም አወራን። ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወራን። እትዬ የሺ ትተውን ወደ ቤት ገቡ፤ ለምን እንደ መጣሁ ገብቷቸዋል መሰለኝ። ጋሼ ስንሻው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና «የቀረችው ስንት ናት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ከሷ ይጀመራል» አሉ። ወረቀት አምጥተው ለቅሶውን፣ ክርስትናውን፣ ለእህቴ የምልከውን እንደ ገና ጻፉ። የባንኩ ገንዘብ በየወሩ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ትንሽ ወደ መደበኛው ሂሳቤ እንዲዛወር አስደረጉልኝ። በፊት ከማገኘው ያነሰ ነው፤ ግን ቀኑን አውቀዋለሁ። አንድም ጊዜ «ነግሬዎት አልነበረም ወይ» አላሉኝም። እኔም የመጣሁበትን ሳልናገር ቲማቲም ተሸክሜ ተመለስኩ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እንደ ልማዳችን እርስ በርሳችን ይቅር ተባባልን። እኔም ከሰው ጋር ተሰልፌ እፊታቸው ደረስኩና ሌላው የሚለውን አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ።» «እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን» አሉኝ። የኋላዬ ሰው ተራውን ይጠብቅ ነበር፣ አለፍኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዕዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሁሉም ለሁሉም በሚለው ቃል ውስጥ የራሴን በደል ደበቅኩት። በምን እንደ በደልኳቸው አልነገርኳቸውም። ስማቸውን ያጎደፍኩባቸው ሰዎችም በዚያው አዳራሽ ቆመው ነበር፤ ለእነሱም አልነገርኳቸውም። ከፋሲካ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከፋሲካ በኋላ እነግራለሁ ስል ክረምት ገባ፤ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተዉ።

እንግዲህ በቀብሩ ላይ መናገር የነበረብኝ ይህ ነው። ጋሼ ስንሻው የማንንም ገንዘብ አላስበሉም። የኔን ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ ምክራቸውን ጥሼ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ለልጄም ዋሽቼ። ከእኔ ሰምታችሁ ከጠረጴዛቸው የቀራችሁ፣ የሰማችሁት ሐሰት ነው። እኔን አምናችሁ ገንዘባችሁን ያወጣችሁ ሁለቱ እህቶቼ፣ ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ ቤታችሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ። ለእትዬ የሺ ነግሬያቸዋለሁ። «እሳቸውማ ያውቁ ነበር እኮ» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር። ‹ራሷ ትንገረኝ› እያሉ ነበር የሚጠብቁሽ።»

ጋሼ ስንሻው፣ እርስዎ ብሬብሩክ ድረስ በሁለት መጓጓዣ መጥተውልኛል፤ እኔ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጥጉ ድረስ መምጣት አቃተኝ። ለስንቱ ሰው ወር የሚገባበትን ቀን ሰጥተዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ወረቀት ቆሜ አነበዋለሁ። ድምፄ ትንሽ ነው፣ ግን ቀስ ብዬ አነበዋለሁ፤ ያን ጊዜ በስልክ የሰሙኝ ሁሉ ይሰሙኛል። እርስዎ ብቻ አይሰሙኝም። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።

ዘነበች፣ ከብሬብሩክ