የእትዬ ጽጌ የሥራ መደብ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንዲት ጠባብ የሰዓት ማደሻ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። አዳሹ የእጅ ሰዓቴን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ቤንዚን ባለባት ብርጭቆ ውስጥ ሲነክረው ሽታው ግም ብሎ ወጣ። «ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ ራስ ያዞራል» አለኝ። እኔ ግን እንዲያውም ጠጋ አልኩ። ያ ሽታ ለእኔ የቅዳሜ ከሰዓት ሽታ ነው። ልጅ ሆኜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ጽጌ አሮጌ የጽሕፈት መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ቤንዚን እየነከሩ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይፈትጓቸው ነበር። የድሮው የአማርኛ ታይፕ ፊደል በቁርጥራጭ የሚገጣጠም ነበር፤ መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ከዚያ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይቀጠልለታል። ቀለም የጠጣ ቀለበት ካለ «ሬ» እና «ሪ» አይለዩም። እትዬ ጽጌ ብሩሹን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩና፣ «በአንዲት ቀለበት የሰው ቤት ይሄዳል፣ ማርትዬ» ይሉኝ ነበር።

የምንኖረው ከእሪ በከንቱ ከፍ ብሎ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ ተከፋፍሎ ብዙ ቤተሰብ ይኖርበታል። እኔና እናቴ ምድር ቤቱን፣ እትዬ ጽጌ ከላይ ያለችውን ክፍል ይዘን ነበር። አላገቡም፣ አልወለዱም። ከግቢው ጴንጤ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ በጾም ወራት ሥጋ ሲጠብሱ ሽታው እኛን እንዳይፈትነን መስኮታቸውን ጥርቅም አድርገው ዘግተው በጭስ እየታፈኑ ነበር የሚሠሩት። እናቴ ይህን ባስታወሰች ቁጥር ትሥቃለች፤ ሥቃ ሥቃም ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሥራቸው ምን እንደሆነ ግን ከግቢው ሰው የሚስማማ አልነበረም። ባለሱቁ «ጠበቃዋ» ይላቸዋል። መንገድ ዳር ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች የእትዬ ጽጌን ግራጫ ኮት ገና ከሩቅ ሲያዩ «ተነሱ፣ ችሎት ገባ!» ብለው ብድግ ይላሉ፤ እሳቸውም እንደ ዳኛ በእጃቸው «ተቀመጡ» ብለዋቸው ያልፋሉ። እናቴን ስጠይቃት «ጸሐፊ ናት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጸሐፊ ማለት መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ይመስለኝ ስለነበር፣ መጽሐፋቸው የት እንዳለ እያሰብኩ ስንት ጊዜ በበራቸው ቀዳዳ አጮልቄያለሁ።

አንድ ቀን በቀጥታ ጠየቅኋቸው። «እትዬ ጽጌ፣ የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«እሱን መሥሪያ ቤቱም እየጠየቀኝ ነው» አሉ።

ነገሩ እውነት ነበር። እትዬ ጽጌ የሚሠሩት ቸርችል ጎዳና አጠገብ ባለ አንድ የአካባቢ አስተዳደር የሕግ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በማኅደራቸው ላይ ያለው መጠሪያ ከወጣትነታቸው ጀምሮ «ታይፒስት» የሚል ነበር። በዚያ ሰሞን «ምደባ» የሚባል ነገር መጣ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ በራሱ እጅ ጽፎ ያቀርባል፤ ከዚያ ተመዝኖ የሥራ መደብና ደረጃ ይሰጠዋል። ታይፒስት የተባሉት ሁሉ ተሰብስበው አንድ ክፍል እንደሚገቡ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እንደሚቀነሱ ይወራ ነበር። እትዬ ጽጌ የፈሩት መቀነሱን ብቻ አልነበረም። የሕግ ክፍሉን ይወዱት ነበር።

የግማሽ ዓመት ዕረፍት ነበርና እናቴ የምትሠራበት ጫማ ቤት ልጅ ይዞ መዋል ስለማይፈቀድ፣ እትዬ ጽጌ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ጠዋት ቁልቁለቱን ስንወርድ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት፣ ከኬክ ቤቶቹ የሚወጣው የቫኒላ ሽታ፣ ባንኮኒ ተደግፈው ማኪያቶ የሚጠጡ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌዎች ነበሩ። ቢሯቸው ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲረገጥ የሚያቃስት ክፍል ነው። በአንድ በኩል የእሳቸው ጠረጴዛ፣ በሌላ በኩል የነገረ ፈጁ የአቶ ግርማ በር። አቶ ግርማ መሥሪያ ቤቱን ወክለው ፍርድ ቤት የሚቆሙ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ መነጽራቸውን ሁልጊዜ የሚጥሉ ሰው ነበሩ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ የተጣለ ካርቦን ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣልኩ ሁሉን አያለሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ እትዬ ጽጌ ክፍላቸው ውስጥ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። አናቱ ላይ «ታይፕ አደርጋለሁ» የሚል ብቻ አለበት።

«የሰው ክስ ስጽፍ እጄ አይቆምም» አሉ። «የራሴን ግን አላውቀውም። ነይ እስቲ፣ አንቺ ዓይንሽ አያርፍም። ስታዪኝ ነው የሰነበትሽው። ምን ስሠራ አየሽኝ?»

«ታይፕ ሲያደርጉ።»

«እሱን ጽፌዋለሁ። ሌላስ?»

አሰብኩ። «ሰው ወረቀት ሲያመጣ ከላይ አይጀምሩም። መጀመሪያ መጨረሻውን ያያሉ።»

ብዕራቸውን አነሡ። «ቀጠሮው እዚያ ነዋ ያለው። ቀጠሮ ካለፈ ነገሩም አለፈ። ቀጥዪ።»

«አቶ ግርማ የጻፉትን ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ሲሰሙት ይሰርዙታል።»

ከት ብለው ሣቁ። «እውነትሽን ነው! ሰው የጻፈውን በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ያፍርበታል።»

«ባለሱቁ ስለ ጎረቤቱ ክስ ሲጠይቅዎት ስለ ዝናብ አወሩለት።»

«እሱን ደግሞ መቼ ሰማሽ?»

«ሁለት ወንድማማቾች ቢሮ መጥተው ሲጯጯሁ ደግሞ ወንበር ሰጥተው ስማቸውን ጠየቁና ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ። እነሱም ዝቅ አደረጉ።» ከዚያ ተጠራጠርኩ። «ይኼ ግን ሥራ ነው?»

«እኔ እንጃ» አሉ። ጽፈውት ግን ነበር።

ወረቀቱን አቶ ግርማ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉና ፈረሙ። በዚያው ሰሞንም ከምደባው የተላከ አንድ ወጣት መጥቶ እትዬ ጽጌ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ ደግ ነበር። እያንዳንዱን መስመር ጠየቃቸው፣ ሲሠሩም አያቸው። ድምፅ ስለ መቀነስ የሚለው ላይ ሲደርስ ግንባሩን አከክ አከክ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይኼን በምን ነጥብ ልስጥዎት?» አላቸው፤ እያሾፈ አልነበረም።

«ብጮህ ምን ያህል ትቀንሱብኝ ነበር?»

ወጣቱ ሣቀና የሆነ ነገር ጻፈ።

ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የወጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በሕግ ክፍሉ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ የሥራ መደብ ተከፍቶ ነበር፤ «የሕግ ጉዳዮች ሴክሬታሪ» ይላል። የሥራው ዝርዝር ከእትዬ ጽጌ ወረቀት የተቀዳ ነው፤ ቀጠሮ መከታተል፣ ረቂቅ አንብቦ ማስተካከል፣ የባለጉዳይ ምስጢር መጠበቅ፣ ባለጉዳይን በተረጋጋ ሁኔታ ማስተናገድ። ደረጃውም ከታይፒስት በጣም ከፍ ያለ ነበር። ዜናውን ተላላኪው ሮጦ አመጣና እናቴ ሚልፎይ ገዝታ ላይ ቤት ወጣን። እትዬ ጽጌ ኬኩን በማንኪያ እየቆረሱ እንደ ሕፃን ፈገግ ይሉ ነበር።

በማግሥቱ ራሳቸው ሄደው ሰሌዳውን እስከ ታች አነበቡት። የሰው ወረቀት ሲሆን ሁልጊዜ መጨረሻውን አስቀድመው የሚያዩት ሴት፣ የራሳቸውን ደስታ ግን ከላይ ጀምረው ነበር። ከታች «ተፈላጊ ችሎታ» የሚል አለ፤ ዲፕሎማ ይጠይቃል። እትዬ ጽጌ ያላቸው ከድሮ የታይፕ ትምህርት ቤት የተሰጠ ሰርተፍኬት ብቻ ነው። ስለዚህ እሳቸው በታይፒስትነታቸው ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ለአዲሱ መደብ ሌላ ሰው ተፈለገ።

ያን ቀን በራቸውን ዘግተው ዋሉ። ማምሻው ላይ እናቴ አንኳኩታ ገባች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። አልጋቸው ጫፍ ላይ ኮታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል።

«ጽጌ፣ ምነው፣ እህል እንኳ ሳትቀምሺ?»

«ልብሱን በገዛ ገላዬ ለክቼ ሰፋሁት» አሉ እትዬ ጽጌ። «ሲያልቅ የሌላ ሰው ልክ ሆኖ ወጣ።»

ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቅሬታ አቀረቡ፤ አቶ ግርማም ቅሬታ ሰሚዎቹ ፊት ቀርበው እንደ ራሳቸው ክስ ተከራከሩላቸው። መልሱ አጭር ነበር፤ ማንም እሳቸውን አልጠላም፣ መመሪያው ነው። አቶ ግርማ ያን ቀን በግቢያችን በር ቆመው «ጽጌ፣ ተረታሁ» ሲሉ መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነበር።

አዲሷ ሠራተኛ ሃና ትባላለች። ኮሌጅ ከጨረሰች ገና ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በግቢያችን በር ገብታ፣ ደረጃው ሥር ቆማ ወደ ላይ አየች። እትዬ ጽጌ በረንዳ ላይ ነበሩ። ማን እንደሆነች ወዲያው ገባቸው። እናቴ ልብስ እያሰጣች በሹክሹክታ፣ «እግዜር ያሳይሽ፣ በምን ዓይኗ ነው የመጣችው!» አለችኝ።

«ማን ላከሽ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ማንም አልላከኝም። ሥራው አቃተኝ። አቶ ግርማ ቀኑን ሙሉ ‹ጽጌ ታውቀው ነበር› ነው የሚሉኝ።»

«እና ላስረዳሽ ነው? ወንበሬ ላይ ተቀምጠሽ?»

ሃና አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልሂድ።»

በሩ ጋ ደርሳ ነበር እትዬ ጽጌ የጠሯት። «ቆይ! ያ ዲፕሎማ እንዴት ነው የሚገኘው?»

ሃና ዞረች። «የማታ የሚያስተምሩ አሉ። እንግሊዝኛውና ሒሳቡ ነው የሚከብደው። እሱን… እሱን እኔ ላስጠናዎት እችላለሁ።»

«እንግዲያው ውጪ ወደ ላይ» አሉ። «በነጻ እንዳይመስልሽ። አንቺ ትምህርትሽን አበድሪኝ፣ እኔ ሥራዬን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አስተማሪም ተማሪም ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች እንዲህ ቀላል አልነበሩም። እትዬ ጽጌ ሲከፋቸው ሆን ብለው ያስጠብቋታል፤ እሷ ስትሳሳት «ይኼ ነው ዲፕሎማ!» ብለው ይወጓታል። ሃናም ዝም የምትል አልነበረችም፤ አንድ ቀን እትዬ ጽጌ ጮኸው የሒሳቡን ደብተር ሲወረውሩ አንሥታ አራግፋ፣ «ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ነጥብ ይቀነስብዎታል» አለቻቸው። በረንዳው በሣቅ ተናጋ። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ የማይገባኝን ሁሉ እጠይቅ ነበር፤ ይግባኝ ምንድን ነው? እግድስ? ለምንድን ነው የእንግሊዝኛ ግሥ እንዲህ የሚያስቸግረው?

እትዬ ጽጌ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጡ የማታውን ትምህርት ጨረሱ። በጥቁር ጋዋን የተነሡት ፎቶ አለ፤ ኮፍያው ወደ አንድ ጆሯቸው ተንሻፏል፣ ሃና ከጎናቸው አበባ ይዛ ቆማለች። የቀድሞ ወንበራቸው ግን አልተመለሰላቸውም። ሃና «እኔ ልልቀቅልዎት» ብትላቸው ተቆጧት። ሌላ አካባቢ ያለ አስተዳደር ለተመሳሳይ መደብ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳድረው አለፉ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሠሩ። የመጀመሪያ ቀን ሲመለሱ እናቴ ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «ያው ነው» አሉ። «ስሙ ብቻ ነው አዲስ።» ግን ቀጥ ብለው ነበር የተናገሩት።

እኔ አድጌ ከግቢው ወጣሁ። ቤቱም ፈረሰ፤ ቦታው ዛሬ ሰፊ መንገድ ነው። እትዬ ጽጌ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ፤ በስልክ እንገናኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን የነገረችኝ ሃና ናት።

ለቅሶው ላይ ልጅ ስላልነበራቸው ድንኳኑ ባዶ ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። ስገባ ግን የፊተኛው ረድፍ በሴቶች ተሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው እንደ ቤተሰብ ሰው ይቀበላሉ፣ ሻይ ያዞራሉ። አንዳቸውንም አላውቅም። የድሮው ጠባዬ አለቀቀኝምና ከአጠገቤ የተቀመጠችውን «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» አልኳት። ያለችበትን መሥሪያ ቤት ነገረችኝ። ቀጥላ ያለችውም የሷን ነገረችኝ። ሁሉም በየአስተዳደሩ የሕግ ክፍል ሴክሬታሪዎች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃና አንዷን ይዛ ወደ እትዬ ጽጌ ቤት ትሄዳለች፣ ያቺ ደግሞ ሌላዋን ታመጣለች፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም እንደዚያው ነበር።

ከሁሉም ታናሿን፣ ገና የኮሌጅ ፊት ያላትን፣ እትዬ ጽጌን እንዴት እንዳወቀቻቸው ልጠይቃት ስል ስልኳ ጠራ። ይቅርታ ብላኝ ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄደች። አፏን በነጠላዋ ጋረድ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰማኋት።

«አትደንግጪ፣ እየሰማሁሽ ነው። ወረቀቱ ይቆይ። መጀመሪያ ለባለጉዳዮቹ ወንበር ስጫቸውና ስማቸውን ጠይቂያቸው።»