ገብረሕይወት ያየው ገመድ

ገብረሕይወት በየእሑዱ ማለዳ ከፓይን ሌክ ተነስቶ፣ አትላንታን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ስማይርና ይሄዳል። እዚያ ካሳሁንን ያሳፍርና ክላርክስተን አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይዞት ይመለሳል። ካሳሁን ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሰው ሠራሽ ነው። ቢሆንም የራሱ መኪና አለው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ ይመላለስባታል። እሑድ እሑድ ግን ገብረሕይወት ካልወሰድኩህ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ምእመኑ «እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል!» ሲል እሱ አንገቱን ይደፋል። ትሕትና ይመስላቸዋል።

ነገሩ የአሰብ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሁለቱ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ያስሩ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ያስገቧቸው አለቃቸው ጋሽ ዓለምብርሃን በገዛ እጃቸው ትልቅ የብረት ሣጥን አስረው፣ ክሬኑ እንዲያነሣ ምልክት ሰጡ። ገብረሕይወት የብረት ገመዱ ክሮች መበጣጠሳቸውን አየ። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እንጀራ ያበሉትን ሽማግሌ በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ማለት ነውር ሆነበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሣጥኑ ግን ካሳሁን እግር ላይ ወደቀ።

ያየውን ለሚስቱ ለሉሊት እንኳ አልተነፈሰም። ሆድ ይፍጀው ብሎ በጅቡቲ በኩል ተሰደደ፤ አሜሪካ ገብቶ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። ካሳሁን በሚስቱ ዲቪ አትላንታ ሲመጣ ኤርፖርት ሄዶ የተቀበለው እሱ ነው። ያን ቀን እነግረዋለሁ ብሎ ነበር፤ አልነገረውም።

በፈረንጆቹ 2015 ጁላይ ላይ ከአትላንታ የብረት መሰላሎች ጭኖ ሮድ አይላንድ ወዳለ ወደብ ተላከ። ባሕር ውስጥ ለሚተከሉ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚሆኑ ናቸው። ወደቡን ከሦስት ዓመት በፊት ያውቀዋል። ያኔ ዝገትና የባሕር ወፍ ብቻ ነበር። አሁን ለመግባት ሰልፍ ያዘ። ብየዳው ይፈነጥቃል፤ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ሠራተኛ ያመላልሳሉ፤ ተዘግቶ የነበረው ምግብ ቤት ሞልቶ መቀመጫ የለውም። ገብረሕይወት ከልቡ ደስ አለው። የሞተ ወደብ ሲነሣ ምን ማለት እንደሆነ የወደብ ሰው ያውቀዋል።

የግቢው ደንብ አንድ ነው፦ ሾፌር ከመኪናው አይወርድም። ጭነቱ ሊነሣ ሲል በመስታወቱ ተመለከተ። ፀጉሩ የሸበተ ፎርማን አንደኛውን መንጠቆ ከማንሻው ቀለበት ላይ ሳይሆን፣ ከመሰላሉ ቀጭን የእጅ መደገፊያ ላይ አስገባው። ከጭነቱ ጎን ሁለት ሠራተኞች ቆመዋል። ገብረሕይወት የበሩን እጀታ ያዘና መልሶ ለቀቀው። ሰውየው ሽማግሌ ነው፤ ሥራው ነው፤ አገሩ ነው። ክሬኑ ማንሣት ጀመረ።

ገብረሕይወት በሩን በርግዶ ወረደና ሁለት እጁን እያወናጨፈ «ስቶፕ! ስቶፕ!» ብሎ ጮኸ።

ክሬኑ ቆመ። ፎርማኑ እየተቆጣ መጣ፤ መንጠቆውን ሲያይ ፊቱ ቀላ። መንጠቆው ተስተካከለ። ገብረሕይወትም ከመኪና በመውረዱ ሁለተኛ ግቢውን እንዳይረግጥ ታገደ፤ ደንብ ደንብ ነው። ፎርማኑ ግን እስከ በሩ ሸኝቶ እጁን ጨበጠው።

እሑድ ጠዋት፣ ካሳሁንን አሳፍሮ ሃይዌይ ላይ ሲገባ፣ ገብረሕይወት ተናገረ።

«ካሳሁን፣ ያን ቀን ገመዱ መበጣጠሱን አይቼ ነበር። ጋሽ ዓለምብርሃንን ላለማሳፈር ዝም አልኩ። እግርህን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ።»

«እኔስ አላየሁም መሰለህ?» አለ ካሳሁን። «ገመዱን ይዤ የማቀብላቸው እኔ አልነበርኩም እንዴ? እሳቸውን ምን ብዬ ልናገር?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ መች ጠየቅከኝ? በየእሑዱ መምጣትህንም ተው ለማለት ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ፣ መኪናማ አለኝ።»

ገብረሕይወት በሚቀጥለው ኤግዚት ወጣና ነዳጅ ማደያ ጋ ፓርክ አድርጎ አለቀሰ። ካሳሁን ሶፍት አቀበለው። ቅዳሴው ተጋምሶ ደረሱ።

በሳምንቱ ገብረሕይወት ቁልፉን ይዞ ሲወጣ፣ ካሳሁን ፓይን ሌክ ድረስ መጥቶ፣ መኪናውን ሳያጠፋ ደጁ ላይ ይጠብቀዋል።

«ግባ» አለው፤ «ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ።»