በካልሲ የተጠቀለለው ሌንስ

የልብስ ስፌት መኪናዬን እጀታ ላሠራ ቶርኖ ቤት ተቀምጬ ነው ያየሁት። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ኮቱ በወጉ የተተኮሰ፣ ጫማው ግን ያልተወለወለ ሰው ነው። ከወፍራም የሱፍ ካልሲ ውስጥ ቡጢ የሚያክል አሮጌ የካሜራ ሌንስ አወጣ። ከዲጂታል ካሜራው ጋር የሚያገናኝ የአሉሚኒየም ቀለበት ሊያሠራለት ነበር የመጣው።

«ጋሼ፣ ይቺ ከኋላ የወጣችው ጥርስ ታስቸግራለች፤ ትንሽ ልሞርዳት?» አለው ባለሙያው።

«ኧረ እንዳትነካት! እስከ ነገ ጠዋት እንደነበረ ወደ ቦታው መመለስ አለበት።»

«ሰርቀው ነው እንዴ?» ብሎ ባለሙያው ሳቀ።

ሰውዬው አልሳቀም። ካልሲውን እያጠፈ እየዘረጋ፣ ሌንሱ የአባቱ መሆኑን ተናገረ። አባቱ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ትልቁን ካሜራቸውን ጠዋት ጠዋት በእጃቸው ይዳስሱታል። ዛሬ በሌንሱ ቦታ የማርማላታ ብልቃጥ ክዳን ገጥሞበት ነው የወጣው።

«ቢጠይቋቸው ይከለክሉዎታል?»

«ደስ ብሏቸው ይሰጡኛል እንጂ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከጠየቅኳቸው ግን፣ ይድናሉ ብዬ ተስፋ እንደማላደርግ ያውቁብኛል። እሳቸው እኮ ሲሻለኝ አነሳበታለሁ ነው የሚሉት።»

ባለሙያው ሞረዱን አስቀመጠና ቀለበቱን ለጥርሷ አስፍቶ ሊቆርጥ ማሽኑን አስነሳ። ሰውዬው ሌንሱን በመሐረቡ ይጠርግ ጀመር። ከጨረሰ በኋላም የራሱ ጣት ያረፈበትን እያየ እንደገና ይጠርጋል።