የሰሚራ ዋስ

አድቫይዘር፣ የተማሪዎች አማካሪ፣ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ነው። ጊዜው 2020፣ ወረርሽኙ ሁሉንም ሰው ቤቱ የከተተበት የጸደይ ሰሞን ነበር። ከዚያ በፊት ኮለምበስ ውስጥ ባለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሬጅስትራር መስኮት ላይ ተቀምጬ ትራንስክሪፕት ሳድል ኖሬያለሁ። እድገቱን ያገኘሁት ኮሌጁ በሩን በዘጋበት ሳምንት ስለሆነ አዲሱ ቢሮዬ ኢስትሙር ሰፈር ያለው ቤቴ፣ አዲሱ ጠረጴዛዬም ምሳ የምበላበት ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ዲኑ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ ብድግ አልኩ። ምን ላድርግ፣ የበላይ ሲገባ ተቀምጬ አላውቅም። ካሜራው ፊቴን ትቶ ሆዴን ማሳየት ጀመረ። ዲኑ «የምትሄጂበት አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም፣ እርስዎ ስለመጡ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ የቅርብ አለቃዬ ዴቢ «ሙሉ፣ እባክሽ ተቀመጪ» ሳትለኝ ስብሰባ አትጀምርም ነበር። ቀልዷ ደስ ይለኝ ስለነበር አንዳንዴ ሆን ብዬ እነሳለሁ።

ዴቢ ኮኦርዲኔተር ናት፤ እኛ አድቫይዘሮች ከእሷ ሥር ነን። የእኔ ድርሻ እኛ ጋ ሁለት ዓመት ተምረው ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ የሚዛወሩ ልጆች ነበሩ። በአንዱ ስክሪን ትራንስክሪፕታቸውን፣ በሌላው የሚሄዱበትን ኮሌጅ መመሪያ ከፍቼ የትኛው ኮርስ እንደሚያዝላቸውና የትኛው እንደሚወድቅባቸው አያለሁ። ዴቢ በመጀመሪያው ቀን አንድ ደንብ ነገረችኝ። «አድቫይዘር ይነግራል እንጂ አይመርጥም። ውጤቱ እንዲህ ይሆናል ብሎም ቃል አይገባም።» ቀላል ደንብ ነው ብዬ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ አንዷ ሰሚራ ናት። የሊንደን ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፣ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ከአከራዩ ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ሐበሻ ሁሉ ሰሚራን ይጠራል። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰፈሩ አስተርጓሚ ነበረች። ሎየር፣ ጠበቃ፣ ለመሆን የቆረጠችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«እትዬ ሙሉ፣ የሌላ ሰው ቃል ማስተላለፍ ሰለቸኝ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀጠሮአችን። «እኔ ራሴ መከራከር እፈልጋለሁ። ያውም ቶፕ ሎው ስኩል ገብቼ።»

«ለምን ቶፕ?»

«አከራዮቹ የሚቀጥሯቸው ሎየሮች ከዚያ ስለሆኑ ነዋ።»

ልጅቷን ያን ቀን ወደድኳት፤ እስካሁንም እንደወደድኳት ነኝ።

ውጤቷ ቆንጆ ስለነበር ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንዱ እዚሁ ከተማችን ያለው ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው በምሥራቅ በኩል ያለ፣ ስሙ ሲጠራ ሰው ቅንድቡን የሚያነሳለት የግል ኮሌጅ ነው። ጋሽ ሰይድ በኢድ ዕለት እንኳን አደረሰህ ሊል ለደወለ ሁሉ «ሰሚራ እዚያ ልትገባ ነው» ብለው ጨርሰዋል። ሰሚራ ግን መሄድ አልፈለገችም፤ ይህንን ደግሞ ለአባቷ ለመናገር አፍራለች።

ጋሽ ሰይድ ደወሉልኝ። «እትዬ ሙሉ፣ ልጄ ሎየር ልትሆን ነው። ሎው ስኩሎቹ ስም ነው የሚያዩት ይባላል። ከዚያ ከወጣች ማን ይመልሳታል?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ የሚሰጡት ለኮሌጅ ውጤትና ለመግቢያ ፈተናው ነው። የኮሌጁ ስም ጥቂት ያግዛል፤ ሁለት እኩል ልጆች ሲቀርቡ አንዷን ከፍ ሊያደርጋት ይችላል። ዝቅ ያለ ውጤት ግን አያነሳም። ደግሞ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ፤ ተማሪ ኮሌጅ ቢቀይር የፊተኛው ውጤት አይቀርም፣ ሁሉም ተደምሮ ይቆጠራል። ጋሽ ሰይድ እስከ መጨረሻው ሰምተው «እሱስ ነው፣ ግን ስም ስም ነው» አሉና ዘጉት።

በዚያው ቅዳሜ ሽማግሌ ተላከብኝ።

የፊት በረንዳዬ ላይ ማስክ ያጠለቁ ሦስት አዛውንት ቆመዋል። መሪያቸው ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ባሌ ነፍሱን ይማረውና እኔን ለማግባት የላከው ሽማግሌ እንኳ ሁለት ብቻ ነበር። ወንበር አወጣሁ፤ በወረርሽኙ ሕግ ተራርቀን ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ስለተራራቅን መጮህ ነበረብን፤ ጎረቤቴ አጥር ሊቀባ ወጥቶ ብሩሹን እንደያዘ ቀረ።

ሐጂ እንድሪስ ዱዓ አድርገው ከጨረሱ በኋላ «ልጃችንን ልቀቂልን ብለን ነው የመጣን» አሉኝ።

«እኔ መች ያዝኳት ሐጂ?»

«አንቺ ሂጂ ብትያት ትሄዳለች። አባትየው ለሰው ሁሉ ተናግሯል፣ አሁን ከሰው ፊት እንዴት ይቆማል?»

«ሐጂ፣ ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ይሰማል ሲባል ነው የማውቀው። ሰሚራን ጠይቃችኋታል?»

«ልጅ ናት እኮ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ዝቅ በማድረጋቸው ሳይሰማኝ ቀርቶ አስደገምኳቸው። እንደገና ሲናገሩት ለራሳቸውም አልጣማቸውም መሰለኝ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰይድ ቤት እንሰማታለን። አንቺም ነይ» ብለው ተነሡ።

በሳምንቱ ሊንደን፣ ጋሽ ሰይድ ጓሮ ተሰበሰብን። ሰሚራ አባቷ ፊት ለፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ስሙ አይጠቅምም አልልም። ይጠቅማል» አለች። «ግን ሎው ስኩል አፕላይ የማደርገው በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ነው። እዚያ ብሄድ ክላሱ በዙም ነው። በዚህች አጭር ጊዜ የትኛው ፕሮፌሰር አውቆኝ ነው ሬኮመንዴሽን የሚጽፍልኝ? እዚህ ለተከራዮች በነፃ የሚሟገተው ቢሮ ውስጥ ሳስተረጉም ቆይቻለሁ። ቢሮውን የሚመሩት ፕሮፌሰር የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ሥራዬን ያውቃሉ። ከእሳቸው ጋር ልሥራ። እዚያ ሄጄ ጂፒኤዬ ቢወርድ ስሙ አያነሳልኝም።»

ታናሽ ወንድሟ ከመስኮት ሆኖ «ሺ ሃዝ ኤ ፖይንት» አለ፤ ልክ ናት ማለቱ ነው። ማንም አልገሠጸውም።

ሐጂ እንድሪስ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሩ። «ሰይድ፣ ልጅህ ከእኔ የተሻለ ትሟገታለች። እዚሁ ትማር። ለሰው የተናገርከውን እኛው ዞረን እናስተካክላለን፣ አንተ አፍህን መክፈት አያስፈልግህም።»

ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት እያዩ «ሎው ስኩል ካልገባችስ?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው የነበረው። የልጃቸውን ዕድል በገዛ እጃቸው የሚዘጉ መስሏቸዋል።

«እንግዲያውስ ዋስ ትጥራ» አሉ ሐጂ።

ሰሚራ ሳታመነታ «እትዬ ሙሉ» አለች።

የዴቢ ደንብ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሽማግሌ ፊት ተጠርቶ ዋስ አልሆንም ማለት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ደግሞ ለሐበሻ አይነገርም። «ሆኛለሁ» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ለዴቢ ነገርኳት። ዋስ ምን እንደሆነ አስረዳኋት። «ልጅቷ ካልገባች ምን ትከፍያለሽ?» አለችኝ። «ፊቴን» አልኳት። «በዚያ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም።» መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ስለ ዋስ በመመሪያችን ላይ የተጻፈ ነገር የለም» አለች። «አሁን ተቀመጪ።» ለካ ቆሜ ነበር የማወራት።

ዋስ ከሆንኩ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ የመግቢያ ፈተናው ነበር። በየዓርቡ ለሰሚራ ኮል አደርጋለሁ፤ ስለ ልምምዷ፣ ስለ ክላሷ፣ ስለ ቢሮው ሥራ እጠይቃታለሁ። ጋሽ ሰይድ በበኩላቸው «ዋሴ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» እያሉ ይደውሉልኛል። እኔን የሚቆጣጠር አለቃ ሁለት ሆነ።

ፈተናውን በ2021 በጋ እዚያው ቤቷ ሆና በኮምፒዩተር ወሰደችው። ጋሽ ሰይድ ሌሎቹን ልጆች ሰብስበው ወደ እናታቸው ዘመዶች ላኩና ራሳቸው ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ዘብ ቆሙ። ጎረቤት ሣር ማጨጃውን ሲያስነሳ ሮጠው ሄደው ልጄ ፈተና ላይ ናት ለማለት «ፕሊስ፣ ዶተር፣ ቴስት» ብለው አስቆሙት። ይህ ሁሉ ጥበቃ ተደርጎላት ውጤቱ ካሰበችው በታች ሆነ። «እትዬ ሙሉ፣ አዋረድኩሽ» ብላ አለቀሰች። እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። በፊት ያልለመድኩት ነገር ነው፤ ሥራ ላይ አለቅስም ነበር።

እንደገና መፈተን እንደሚቻል ነገርኳት። ፕሮፌሰሯ ከቢሮው ሥራ ቀነሱላትና ለልምምድ ጊዜ ሰጧት። ሁለተኛው ውጤት ጥሩ ሆነ። ስለ እሷ የጻፉት ምስክርነት ምን እንደሚል አላየሁም፤ ሲጽፉት ግን የትኛውን ተከራይ እንዴት እንደረዳች ለማወቅ ለማንም መደወል እንዳላስፈለጋቸው አውቃለሁ።

በ2022 መጀመሪያ የሎው ስኩሎቹ መልሶች መጡ። የመጀመሪያው እምቢታ ነበር፤ ሁለተኛውም። ቢሮአችን ተከፍቶ ተመልሰን ስለነበር ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዴቢ በመስታወቱ ታየኛለች። አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ በሥራ ሰዓት ደወሉ። ዋስነቱን ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ወገቤን አሰርኩ።

«ፎርክሊፍቱን አቁሜ ነው» አሉ። ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ጋሽ ሰይድ?»

«ገባች» አሉ። «ያንን፣ ትልቁን ሎው ስኩል። ዋሴ፣ ገባች።»

ብድግ ብዬ ቆምኩ። ዴቢ በመስታወቱ አይታኝ እሷም ተነሣች።

ትምህርት ቤቱ ለተቀበላቸው ልጆች በዙም እንኳን ደህና መጣችሁ ሲላቸው ሰሚራ እኔንና አባቷን አጠገቧ አስቀመጠችን። ልጆቹ ከየት እንደመጡ በየተራ ተናገሩ። ብዙዎቹ ስማቸው ከታወቀ ኮሌጆች ናቸው፤ ሰሚራ ትታው ከቀረችው ኮሌጅ የመጡም ነበሩበት። ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ታዲያ እኔ ብዙ አልተሳሳትኩማ» አሉኝ። «አልተሳሳቱም» አልኳቸው። እውነቱ ይኸው ነው። የሰሚራ ተራ ሲደርስ የኛን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አስቀድማ፣ ዩኒቨርሲቲውን አስከትላ ጠራች። ጋሽ ሰይድ ሁለቱም ሲጠሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐጂ እንድሪስና ሁለቱ አዛውንት እንደገና በረንዳዬ ላይ ቆሙ፤ ጋሽ ሰይድም አብረዋቸው ነበሩ። ዋስ በሽማግሌ ፊት እንደገባ በሽማግሌ ፊት ይወርዳል። «ዋስነትሽ ወርዷል፣ አላህ ያክብርሽ» አሉ ሐጂ። ጋሽ ሰይድ ግን ለመሄድ አልቸኮሉም። የሰሚራ ታናሽ ወንድምም በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ ይመርጣል፤ የትኛው ይሻለዋል ብለው ጠየቁኝ።

የነገርኳቸውን ለእናንተም፣ በዚህ ሥራ ከእኔ በኋላ ለምትመጡት፣ እነግራችኋለሁ። የኮሌጅ ስም ትንሽ ያግዛል። ውጤትና ፈተና ከዚያ በላይ ያግዛሉ። ተማሪ ጥሩ ውጤት የሚያመጣው ደግሞ የሚያውቀው ሰው ባለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ተማሪ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «እዚያ ዋስ የሚሆንሽ ማን አለ?» ብዬ ነው።