ቆመው የመጡት ሽማግሌዎች

ያረረ ማካሮኒ በሸተተኝ ቁጥር ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረችው ጠባብ አፓርታማችን ትመጣብኛለች፤ ሦስት ሽማግሌዎችም ኮታቸውን እንደለበሱ ፊቴ ድቅን ይላሉ።

ያን ዊንተር አባቴ ጥሎን ወንዝ ማዶ ያለችው አሌክሳንድሪያ ገብቶ ነበር። እማዬ ሆቴል እያጸዳች እኔንና ሕፃኗን እህቴን ሶስናን ታሳድግ ነበር። ለጫማ ስትደውልለት «ነገ» ይላት ነበር፤ የእኔ እግር ግን ነገን አይጠብቅም ነበር። ከእኔ ነገር ሁሉ ቶሎ ያደገው እግሬ ነው፤ ጭንቅላቴን እስካሁን እየጠበቅነው ነው።

በረዶው ሲቀልጥ እማዬ አባትን የልጆቹን ቀለብ የሚያስከፍለው ቻይልድ ሰፖርት ቢሮ ሄዳ አፕላይ አደረገች። «ባሏን ለመንግሥት አሳልፋ ሰጠች» ተባለ። ወዲያው የአባቴ አጎት ጋሽ በላቸው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡና፣ እንደ ወጉ፣ እሺ ካላልሽ አንቀመጥም ብለው በሩ ሥር ቆሙ።

«ኬዙን ዝጊው ልጄ። ገመናችንን ለፈረንጅ?»

«ገመናዬማ የልጄ አውራ ጣት ነው ጋሼ፤ ጫማውን ቀዶ ወጥቷል።»

«እንግዲያው እንደቆምን እንቀራለን!»

«ከቆማችሁ አይቀር ልጆቹን ያዙልኝ፤ የምትጠብቃቸው ጎረቤቴም ዛሬ ትረፍ። ማካሮኒው እሳት ላይ ነው» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሥራዋ ሄደች።

ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁት ጋሽ በላቸው ከሶስና ጋር መታረቅ አቃታቸው። ዳይፐር ሊገዙ የወጡት ሽማግሌ ዋጋውን አይተው ለምክክር ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ማካሮኒው አረረ፤ እኔ ጥርግ አድርጌ በላሁት።

እማዬ ስትመለስ ሦስቱም ተቀምጠዋል። ጋሽ በላቸው ሶስናን ደረታቸው ላይ አስተኝተው፣ እንዳትነቃባቸው በሹክሹክታ፣

«ኬዙ እንዳይዘጋ» አሏት።

በሰመር፣ አባቴ ከሚሠራበት ፓርኪንግ ደሞዙ ላይ እየተቆረጠ ይመጣልን ጀመር። እኔም ጫማ፣ እህቴም የጤና ኢንሹራንስ አገኘን። ከሁሉም በላይ ግን እማዬ ስልክ ላይ መለመኗ ቀረ፤ ገንዘቡን የሚጠይቀው ቢሮው ስለሆነ የሚጣሉበት ነገር ጠፋና፣ አባቴ መሸሹን ትቶ ቅዳሜ ቅዳሜ በራችንን ያንኳኳ ነበር። መንግሥት ቤታችሁን አፈረሰ የሚለኝ ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ እኔ አባቴን ያገኘሁት በዚያ ቢሮ በኩል ነው።

ዛሬ ፀጉሬ ሸሽቶ እኔም ሽማግሌ ተብዬ እጠራለሁ። እንደ እማዬ ቢሮው የሄደች እናት ስትኖር «ኬዟን እንድትተው ምከርልን» ሲሉኝ አብሬ እሄዳለሁ። ሌሎቹ በሩ ሥር ሲደረደሩ እኔ ሶፋው ላይ ዘጭ ብዬ ልጁን እቀበላታለሁ። ወግ አያውቅም ይሉኛል። ይበሉ! ያኔ ሦስት ሽማግሌዎች ለመቀመጥ የእናቴ ሙሉ ሺፍት ፈጀባቸው፤ እኔ ግን ገና ስገባ እቀመጣለሁ።