የአባባ አረንጓዴ ክብ

የቤታችንን ዝርዝር የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት እኛ ቤት ነገር የሚሠራው በጩኸት ነበር። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "ሳሙና አልቋል" ትላለች፣ አባቴ ከበር ላይ ሆኖ "ሰምቻለሁ" ይላል፣ ከዚያ ወይ ሁላችንም ሳሙና ይዘን እንገባለን ወይ ማናችንም።

ስልኬ ላይ ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጽፍበት ማስታወሻ አገኘሁና በእናቴም በአባቴም ስልክ ጫንኩት፤ ስሙንም "ቤተሰብ" አልኩት። አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ያያል። ማን እንደጻፈ፣ ማን እንደሰረዘ እንዲታወቅ ለየሰዉ ባለ ቀለም ክብ መረጥኩ። ለእናቴ ቀይ፣ ለእኔ ሐምራዊ፣ ለአባቴ አረንጓዴ። የሰባት ዓመቷ እህቴ ስልክ ስለሌላት በእኔ ሐምራዊ ታስጽፋለች፤ ትዕዛዟ ደግሞ ከሁላችንም ይበዛል።

አባቴ ዝርዝሩን የሚነካው ትኩስ ድስት እንደሚነካ ሰው ነው። የገዛው ነገር ላይ ምልክት ያደርጋል፣ መሰረዝ ግን አይደፍርም። "ያንቺ እጅ ሥራ ነው፣ አበላሽብሻለሁ" ይላል።

አንድ ሐሙስ የታላቅ እህቱ ባል አረፈና ለለቅሶ ወደ ኪራሙ ሊሄድ ተነሣ። ቤተሰቡ ከወሎ መጥቶ የሰፈረው እዚያ ነው፤ እሱም እዚያ ነው ያደገው። መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም፣ በየኬላው ይፈተሻል። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከልብሱ በፊት ስልኩን ያሰናዳል። ፎቶው፣ ዘፈኑ፣ ሰው የላከው ቪዲዮ ሁሉ ይጠፋል። የትኛው ፈታሽ የቱን እንደሚጠላ ማን ያውቃል?

እኛ ቤት ስልክ የማጸዳው እኔ ነኝ። የእህቴን የልደት ፎቶ እንኳ አላስቀረሁም። ዝርዝሩን ግን አለፍኩት። ሩዝና ሳሙና ማንን ያስቆጣል? እውነቱን ልናገርና፣ ማንም ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከኪራሙ ደወለ። "ለመመለስ ተሳፍሬያለሁ፣ አብሽሩ" አለ።

ስምንት ሰዓት ገደማ እናቴ ትሰፋለች፣ እኔ ስልኬን እያየሁ ምስር እለቅማለሁ። ከዝርዝሩ "የባትሪ ድንጋይ፣ ስምንት" የሚለው መስመር ጠፋ። ከታች አረንጓዴው ክብ ብቅ አለ። አባባ መሰረዝ ቻለ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ወዲያው "ገመድ፣ አሥር ሜትር" ጠፋ። ቀጥሎ "ፋሻ"። ቀጥሎ "ጄሪካን፣ ሁለት"።

ሳቄ እዚያው ቆመ። የጠፉትን መስመሮች በልቤ አንድ ላይ አነበብኳቸው፤ ጫካ ላለ ሰው የተሰናዳ ስንቅ ይመስላሉ። ገመዱ ለልብስ ማስጫ ነው፣ ፋሻው እህቴ ወድቃ ለተላጠው ጉልበቷ ነው፣ ጄሪካኑ ውኃ ስለሚጠፋ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ምን ያውቃል? ከሥራቸው ደግሞ በገዛ ጣቴ "ቅዳሜ ማን በር ይጠብቃል" ብዬ ጽፌያለሁ። ከእህቴ ጋር ማን ቤት ይቀራል ለማለት ነበር።

አባቴ ሰርዞ አያውቅም። ታዲያ ይህ የማን ጣት ነው?

ደወልኩ። ሴትዮዋ ማግኘት አይችሉም አለችኝ። ደገምኩ። ያንኑ አለችኝ። ዝርዝሩ ላይ "አባባ የት ደረስክ" ብዬ ልጽፍ ጀመርኩና ስልኩን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንስ ብዬ ሳልጨርስ አጠፋሁት። "ሩዝ" ጠፋ፣ "ሳሙና" ጠፋ። "በር ይጠብቃል" የሚለውም ጠፋ።

"ምስሩን ከነጠጠሩ ልታበይን ነው?" አለች እናቴ። ከዚያ ፊቴን አየች። መኪናዋ ቆመ።

"ምንድን ነው?"

"ኔትወርክ ነው።"

"ኔትወርክ ሰው አያገረጣም። አምጪው።"

ሰጠኋት። ቀሚስ ልትወስድ የመጣችው ጎረቤታችን፣ አዴ የምንላት፣ ከእናቴ ትከሻ በላይ አብራ አየች። ዝርዝሩ ላይ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነበር። እህቴ ያስጻፈችኝ፣ "አባባ የሚያበራ እስኪሪብቶ"። ከዚያ በኋላ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

"ኒ ገላ" አለች አዴ ቀስ ብላ። ይገባል ማለቷ ነው። "ኒ ገላ፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ስትለኝ ያን ያህል የሚያስፈራ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቀሚሷን ሳትወስድ አብራን ተቀመጠች። እህቴ እስኪሪብቶው ሰማያዊ ነው ወይስ ቀይ እያለች ትጠይቀናለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። አባቴ የሚያንኳኳው ሦስት ጊዜ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስለተመታ ማናችንም አልተነሣንም። የገባው ግን እሱ ነው። በአንድ እጁ ከለቅሶ ቤት የተሰጠውን ዳቦ አቅፏል።

"ምነው እንዲህ ተደረደራችሁ? ለቅሶው ያለው ኪራሙ ነው" አለ።

እናቴ ዳቦውን ተቀበለችው። እኔ ነኝ የጠየቅሁት።

ከፍተሻው በፊት ሚኒባሱ ሲቆም ሰዉ ሁሉ ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት የእሱን ስታይ "ጋሼ፣ ይሄ ስንቅ ለስንት ሰው ነው?" አለችው። ያኔ እሱም በእሷ ዓይን አየው። ሙሉውን ማጥፋት አልቻለበትም፣ አንድ በአንድ ለቀመው። ወዲያው የስልኩ ባትሪ አለቀ።

"እስኪሪብቶውንስ?" አልኩት።

"እሱን ለምን አጠፋለሁ? የሚያበራ እስኪሪብቶ የምትፈልግ ልጅ አለችኝ ብል ማን ያስረኛል?" ብሎ ከኪሱ አወጣው። "ፈታሹ ስልኬን ዞር ብሎም አላየው። ዳቦውን ነው ውስጡን ሊፈትሽ ሲጫን የነበረ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ ቆየሁ። ዝርዝሩን ሳላጠፋ የተውኩት እኔ ነበርኩ።

አባቴ ለአርባው እንደገና ሊሄድ ሲል ከዝርዝሩ ላወጣው ወሰንኩ። ስልኬን ወደ አማርኛ ቀይሬዋለሁና ጥያቄው በግልጽ መጣ፦ ይህን ሰው ከቤተሰብ ማስወጣት ይፈልጋሉ?

"ምን ይላል?" አለ አባቴ ጫማውን እያሰረ።

አነበብኩለት።

"በይ ንኪው፣ ሚኒባሱ ይሞላል።"

አውራ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። አባቴ ትንሽ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ጣቴን ይዞ ራሱ "አዎ" ላይ አሳረፈው። ቀይና ሐምራዊ ብቻ ቀሩ።

በሩ እንደተዘጋ እህቴ መጣች። "አረንጓዴውን ለእኔ ስጪኝ፣ ማንም አልያዘውም።"

"ባለቤት አለው!" አልኳት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኾ ወጣ። እናቴ መስፋቷን አቁማ አየችኝ።