መርዶ ይዤ ጓንዡ

ዛሬ ጓንዡ ውስጥ አንዲት ቻይናዊት ምሳዋን በልታ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኳት። መርዶ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ሊን ትባላለች። አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላለው ሱቃችን ሻርፕ የምትልክልን እሷ ናት። ከእህቴ ከማህሌት ጋር ለዓመታት የሚተዋወቁት በስልክ ብቻ ነበር። ማህሌት ካረፈች ወዲህም ሊን "ምነው ጠፋሽ?" እያለች ትጽፋለች፤ እኛ ዝም።

የትምህርት ቤታችን ቢዝነስ ክላስ ለጉብኝት ቻይና እንደሚሄድ እማዬ ስትሰማ፣ "መርዶ በቴክስት አይነገርም። በአካል ሄደህ ንገራት። ደግሞ እህል ሳትቀምስ እንዳትነግራት" አለችኝ።

ጠዋት ፋብሪካ ሲያስጎበኙን ምንም አልሰማሁም። አስተማሪያችን "ምን ያቁነጠንጥሃል? ሽንት ቤት ፈልገህ ነው?" አለኝ። (መርዶ ይዤ እየዞርኩ ነው አይባል ነገር።)

ለምሳ ሲለቁን ሱቋ ሄድኩ። የማህሌት ወንድም መሆኔን በስልኬ አስተርጓሚ ስነግራት ደስ ብሏት ሩዟን አካፈለችኝ። እኔ ሳልቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሷ ስትበላ በሻርፖቹ መሃል ወዲያ ወዲህ አልኩ።

ሳህኑን ስታነሳ መጻፍ ጀመርኩ። እጄን ያዘችና በራሷ ስልክ ጻፈች፦ "ከገባህ ጀምሮ አልተቀመጥክም። ማህሌት ሞታለች አይደል?"

አንገቴን ደፋሁ። ሱቋን ዘጋችና ወንበር ሳበችልኝ። ያኔ ተቀመጥኩ።

ለእማዬ የላክኩላት አንድ ቃል ነው፦ "በልታለች።"

እናንተስ፣ መርዶ የመንገር ተራ ደርሷችሁ ያውቃል? ከየት ጀመራችሁ?